ለሼሁ የሚነሱ ራሶች

«ዝቅ በይ! ሳዲያ፣ ዝቅ በይ ብያለሁ!»

ሃምሳ አለቃ ሀብቴ ቀሚሴን ከኋላ ጨምድዶ ሲጎትተኝ የያዝኩት የሩዝ ድስት ከእጄ አምልጦ አፈር ላይ ተዘረገፈ። ድስቱም ሩዙም አልታየኝም። ጥይቱ ከማዶ ከተራራው መጥቶ ወንድሜን አወልን ከውሃው ሞተር አጠገብ ሲጥለው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

«ወንድሜ ነው! ልቀቀኝ አያ ሀብቴ! ልቀቀኝ!»

«ብለቅሽ ሁለት ሬሳ ነው የምንሰበስበው። ደግሞ አልሞተም፤ ዝም ብለሽ ስሚ።»

አፌን ይዤ ሰማሁ። እውነትም አወል ከውሃው ገንዳ ጀርባ ሆኖ «ያ አላህ! ያ አላህ!» እያለ ያቃስታል። ጭኑን ነው የተመታው። ገንዳው ሥር ተንከባሎ ገብቶ፣ ሽርጡን ፈትቶ እግሩን ሲያስር ነጩ ጫፍ ብልጭ ሲል ታየኝ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ደሙ ካልቆመ እስከ ማታ እንደማይቆይ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር።

ይህ የሆነው በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። ቦታው ከአሐድ አል-መሳርሐ ወደ ደቡብ፣ ሑዱዱ ጥግ ያለ የማንጎ እርሻ ነበር፤ ከየመን ጋር የሚያዋስነውን ድንበር ሑዱድ ነው የምንለው። ጦርነቱ ሲመጣ ባለ እርሻዎቹ ልጆቻቸውን ጭነው ወደ አቡ ዓሪሽ ሸሹ። ማንጎና ፍየል ግን መኪና ላይ ወጥቶ አይሸሽም። ስለዚህ እኛ ቀረን። አሠሪያችን፣ ከፊል የምንለው፣ በመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ሁለት ሳምንት ነው፣ ኸላስ፣ ያልቃል» ብሎን ሄደ። ሁለት ሳምንቱ ስንት ወር እንደሆነ እሱ ይወቀው።

ክፉ ሰው አልነበረም፣ አልዋሽም። ከማዶ መተኮስ ሲጀመር ዶዘር ልኮ ከመኝታችን እስከ ውሃው ድረስ የአፈር ግድብ አስቆለለልን። ከግድቡ ጀርባ ጎንበስ ብለን እንሄዳለን፣ ቁጭ ብለን እንበላለን። ነገር ግን ግድቡ ገንዳው ጋ ሳይደርስ አለቀ። የዶዘሩ ሰውዬ ናፍታ ጨረስኩ ብሎ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ከግድቡ ጫፍ እስከ ገንዳው ድንጋይ ብትወረውር የሚደርስ ራቁት መሬት ነው። አወል አሁን ከዚያ ወዲያ ነው ያለው።

ሙራድ ከፊቴ ተደፍቶ መሬቱን በጡጫ ይደበድባል። የአወል ባልንጀራ ነው፤ በየመን በኩል አብረው ነው የመጡት። ፈዬራ ደግሞ ባለፈው ጥይት የቧጠጠውን ትከሻውን በፎጣ አስሮ ጥግ ይዟል። ሼህ ኑርሁሴን ከሁላችንም ወዲያ፣ ግድቡ ሥር በቆፈርነው መጠለያ ጉድጓድ መግቢያ ላይ ተቀምጠው ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ። ጣታቸው ፍሬውን ይስታል።

ሼህ ኑርሁሴን የፍየሎቹ ጠባቂ ናቸው። ሀገራቸው ወረባቦ ነው። ሰባውን ሳያልፉ አልቀሩም፤ ወገባቸው ደርቆ ጎንበስ ማለት አይሆንላቸውም። ሌሎቻችን በግድቡ ሥር እንደ ጦጣ ስንሄድ እሳቸው ቀጥ ብለው ነው የሚመጡት፤ ጥምጣማቸው ከግድቡ በላይ ከሩቅ ይታያል። አንድም ቀን ግን አልተተኮሰባቸውም። አብሮን ይሠራ የነበረው ሙክታር ከጎናቸው ወድቆ ሞተ። ፈዬራ ከጎናቸው ቆሰለ። እሳቸውን ምንም አልነካቸውም። «የሼሁ በረካ ነው፤ ጥይት ይፈራቸዋል» እንል ነበር። ክርስቲያኑ ፈዬራ ሳይቀር ከጎናቸው መቀመጥ ይወድ ነበር።

«ሁላችሁም ስሙኝ» አለ ሀብቴ። ድምፁ ተለውጧል። የእርሻ ሠራተኛው ሀብቴ ሄዶ ሌላ ሰው መጥቷል። «ራሶቹን አምጡልኝ።»

ሙራድ ቀና ብሎ አየው። «አሁን የቀልድ ሰዓት ነው?»

«አምጣ አልኩህ!»

ስለ ራሶቹ መናገር አለብኝ። ሀብቴ በባድመ ጦርነት ምሽግ ለምሽግ ሲተያዩ ከስናይፐሮች ጋር ያገለገለ ሰው ነው። ተኳሽ አልነበረም፤ ከተኳሹ ጎን ተኝቶ በመነጽር የሚያይለት ነበር። ሙክታር ከሞተ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ሐብሐብ ላይ የዓረብኛ ጋዜጣ በሊጥ ሲለጥፍ ሰነበተ። ሊጡ ከኔ ኩሽና ነው የሚሄደው፤ አበድክ እንዴ ብዬዋለሁ። ሲደርቅ ለሁለት ሰንጥቆ ሐብሐቡን አወጣና መልሶ ገጠመው። ዓይን ሣለለት፣ የዓረቦቹን የራስ ሻሽ፣ ሽማግ፣ ጠመጠመለት፣ እንጨት ላይ ተከለው። ሙራድ ለአንዱ በከሰል ጢም ሠራለት። «ከፊላችን ቁርጥ!» ብለን በሳቅ ሞትን።

«ሳቁ» አለ ሀብቴ ያን ቀን። «ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም፤ ማሠልጠኛ ነው የተማርኩት። ፈረንጆቹ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጉድጓድ ቆፍረው ሲፋጠጡ ቀድሞ የነቃው ጀርመን ነው። ባለ መነጽር ጠመንጃ ይዘው አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች ነበሩት። ጠመንጃውንም ሰውዬውንም ሰብስቦ ምሽግ አስገባ። እንግሊዙ ብቅ ባለ ቁጥር ግንባሩን! እንግሊዙ ደግሞ ምሽጉን እንደ ሙሽራ ቤት ነበር የሚያሳምረው። አፈር የሞላበት ጆንያ ሁሉ እኩል፣ ጫፉ ቀጥ ያለ። እዚያ ላይ ባርኔጣ ብቅ ሲል ማን ይስተዋል? ጀርመኑ ግን ቀዩንም ጥቁሩንም ጆንያ፣ ቆርቆሮውንም አዝረክርኮ ይክባል። ከዚያ ዝርክርክ ውስጥ ጠመንጃው የወጣበት ቀዳዳ የቱ እንደሆነ አይለይም።»

«እንግሊዞቹ ታዲያ ዝም አሉ?» አለ አወል። እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል።

«ሰው አለቀባቸው! ካለቀባቸው በኋላ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሁለት ሁለት ሰው አቀናጁ፤ አንዱ ይተኩሳል፣ አንዱ ያያል። ሰው የሚገድለው ተኳሹ ይመስለዋል። የሚገድለው የሚያየው ነው። ማን በስንት ሰዓት ሽንት ቤት እንደሚሄድ፣ ማን ሲስቅ ቀና እንደሚል የሚያውቀው እሱ ነው። ከዚያ ይህን የወረቀት ራስ አመጡ። አፉ ላይ ሲጋራ ሰክተው ከሥር በጎማ ቱቦ ያጨሱለት ነበር፣ ሕይወት ያለው እንዲመስል። ጀርመኑ ሲተኩስ ጥይቱ በፊት ይገባል፣ በኋላ ይወጣል። ሁለቱን ቀዳዳ ገጥመህ ካየህ ተኳሹ ያለበት ድረስ ይወስድሃል።»

ያን ዕለት ራሶቹን በግድቡ ላይ ብቅ ጥልቅ ስናደርግ ዋልን። አንድ ጥይት አልመጣም። ከማዶ ያለው ሰው ሞኝህን ፈልግ አለን። የየትኛው ወገን ሰው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የሚያውቅም አላገኘሁም። ሀብቴ አንገቱን ደፍቶ ራሶቹን ከመኖ ጆንያው ኋላ ጣላቸው። እኛም ለሰሞኑ መሳቂያ አደረግነው።

አሁን ያመጣናቸው እነዚያን ነው። ሀብቴ ግን ወዲያው አላነሳቸውም። ወደ ፈዬራ ዞሮ «አንተ ስትመታ ምን እያደረግክ ነበር?» አለው።

«ምንም። ምሳ እየበላሁ።»

«ቁጭ ብለህ?»

«ቁጭ ብዬ ነበር… ኋላ ሼሁ መጡና ‘ኑሩ’ ልል ብድግ አልኩ።»

«ሙክታርስ? ሙራድ፣ አጠገቡ ነበርክ።»

ሙራድ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ ሼሁ ዞሮ አየ። እኔም አየሁ። ሙክታር ሲሞት ያለበትን ቦታ ለሼሁ እየለቀቀ ነበር። አወል ደግሞ ዛሬ፣ ከገንዳው ሥር አጎንብሶ ሞተሩን ሲያስነሳ ቆይቶ፣ የሼሁን ጥምጣም ሲያይ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ተነሳ። «ኑሩ!» ያለው እስከዚህ ተሰምቶኛል። እሳቸው «በአላህ! ኧረ ተቀመጥ!» ሳይሉ ነው ጥይቱ የቀደማቸው።

እኛ ሀገር ትልቅ ሰው ሲመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነውር ነው። ሕፃን ሆነን እግራችን ሳይጠና የተማርነው ነገር ነው፤ ራስ አያስበውም፣ ጉልበት ራሱ ይነሳል። ሀብቴ ስንት ጊዜ «ለማንም ራሳችሁን እንዳታወጡ» ብሎ ለፍልፏል። ለማንም ሲል ግን ሼሁን ጨምሮ ማለቱ እንደሆነ ለማናችንም አልገባንም፤ ለራሱም የገባው አይመስለኝም።

ደሜ ፈላ። መጠበቅ አልቻልኩም።

«እርስዎን ነው የሚጠብቀው!» አልኩ ጮኼ። «በረካ አይደለም! ጥምጣምዎን ሲያይ ሰው እንደሚነሳ አውቋል። ለማጥመጃ ነው ያስቀረዎት!»

«አፍሽን ያዢ አንቺ!» አለ ሙራድ። «ለሼህ እንዲህ ይባላል?»

«ተዋት» አሉ ሼህ ኑርሁሴን። ሙስበሃውን ኪሳቸው ከተቱ። «እውነቷን ነው። ሙክታርን ከቀበርን ወዲህ ልቤ ጠርጥሮ ነበር። ፈዬራ ሲመታ ደግሞ አወቅኩት።»

ከገንዳው በኩል አወል ያቃስታል።

«ካወቁ ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» አለ ሀብቴ፤ ቀስ ብሎ ነው የጠየቀው።

«ምን ልበላችሁ ልጄ? አትነሱልኝ ልበል?» ቀና ብለው አዩን። «እኔ ሀገሬ ላይ ሰው ሲጣላ የማስታርቅ፣ ደም የማደርቅ ሰው ነበርኩ። እዚህ ግን ከፊሉ ‘ያ ራዒ!’ ነው የሚለኝ፤ አንተ እረኛ ማለቱ ነው። ልጁማ፣ ጢሙ እንኳ በወጉ ያልበቀለው፣ አፉንም አያደክም፤ በመኪና ጥሩምባ ነው የሚጠራኝ። ጥሩምባው ሲጮህ በዚህ ወገቤ እሮጣለሁ። እንደዚያ ውዬ ወደዚህ ጉድጓድ ስመጣ እናንተ ትነሳላችሁ። ሰው መሆኔ ትዝ የሚለኝ ያኔ ነው። ‘ተዉት’ ማለት አቃተኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ነገ ሲሆን ደግሞ ትነሳላችሁ።»

ጠላኋቸው። ወንድሜ እዚያ ደሙን እያፈሰሰ እኚህ ሽማግሌ ስለ ክብራቸው ያወሩልኛል! ሙክታርም እኮ እናት አለችው። ግን ደግሞ ጥሩምባው ሲጮህ ሲሮጡ አይቻቸዋለሁ፤ አንድ እግር ጫማቸው አፈር ውስጥ ቀርቶ ሲሮጡ። ያን ጊዜ ስቄባቸዋለሁ መሰለኝ። እንባዬ መጣ።

ሀብቴ ለልቅሶ ጊዜ አልነበረውም። «እሺ» አለ፤ «ያ ሰውዬ የወረቀት ራስ ሲያይ ያልተኮሰው ስለነቃ ነው። ሰው ያለ ነገር ብቅ ጥልቅ አይልም። አሁን ግን ምክንያት እንሰጠዋለን። ሼህ፣ እንደ ሁልጊዜው ቀጥ ብለው በግድቡ ሥር ይሄዳሉ። እርስዎ ሲያልፉ ራሶቹ ይነሱልዎታል።»

«ለምን ይጠቅማል? መሣሪያ የለን!» አለ ሙራድ።

«የት እንዳለ ለማወቅ። እዩ፤ ማዶ ሁለት ቦታ ነው መደበቂያ ያለው። በግራ ያቺ ግራር፣ በቀኝ ያ የፈረሰ የድንጋይ ቤት። ከግራሯ ሥር ከሆነ በመስኖው ቦይ ውስጥ በሆድ ተስቦ አወል ጋ መድረስ ይቻላል፤ አያይም። ከቤቱ ከሆነ ግን ቦዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያየዋል፤ የገባ አይወጣም። ያኔ በውጭ በኩል፣ በሜዳው ነው መሄድ። ገንዳውና የሞተሩ ግንብ ይጋርዳሉ።»

ሁላችንም በግራሯ ስንምል ነው የከረምነው። ጥላ ያለው እዚያ ነው፤ እኔም ሀብቴ ባይዘኝ በቦዩ ልገባ ነበር።

ማን ይሂድ የሚለው ብዙ አላከራከረም። የፈዬራ ትከሻ አይስብም። ሙራድና ፈዬራ እንጨቶቹን ይይዛሉ፣ ሀብቴ ያያል። «እኔ ነኝ» አልኩ። ከመኖው ላይ ሸራውን ገፈፍኩና ወገቤ ላይ አሰርኩት። ቀሚሴን ጠቅልዬ ከፍ ሳደርግ ሙራድ ዓይኑን መለሰ። በዚያ ሰዓት እንኳ! ሳቄ መጣ።

ሀብቴ ሼሁን ክንዳቸውን ያዘ። «ልደብቅዎት አልችልም። አንድ ራስ ከመታ በኋላ መታለሉ ሊገባው ይችላል። ያን ጊዜ ለእርስዎ የሚራራበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ተኩሱን እንደሰሙ ይውደቁ።»

«እኔ ስወድቅ ወዴት ያያል?»

ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ወደ ገንዳው ነው የሚያየው።

«እንግዲያው አልወድቅም» አሉ፤ ጥምጣማቸውን አጠበቁና ወጡ።

እያንዳንዱ ራስ ከሥሩ አንድ ጣውላ ነበረው፤ ጣውላው ተቦርቡሮ እንጨቱ በውስጡ ወደ ላይ ወደ ታች ይንሸራተታል። ሀብቴ ከተጋጨ ሃይሉክስ ላይ የነቀለውን የጎን መስታወት በእጁ ይዞ ከመሀለኛው ራስ ሥር ተኛ። የሼሁ እርምጃ ተሰማ። ከፍየሎቹ በረት ተነስተው እየመጡ ነው። ፈዬራ የመጀመሪያውን ራስ ቀስ ብሎ አነሳ፣ ትንሽ ዝቅ አድርጎ አጎነበሰው፣ መልሶ አወረደው። ወላሂ፣ እኔ ራሴ ሰው መሰለኝ።

«በአላህ!» አሉ ሼሁ ለወረቀቱ። «ኧረ ተቀመጥ!»

ሁለተኛው ራስ ተነሳ፤ ባለ ጢሙ ነበር። ብድግ ብሎ ገና ሳያጎነብስ ጧ! አለ። ጋዜጣው ብትን ብሎ ጉንጩ ላይ ቀዳዳ ተከፈተ። ሙራድ እንደተባለው ቶሎ ጣለው። ሰው ሲመታ እንዲያ ነው የሚወድቀው።

«መልሰው! በዚያው ልክ፣ በዚያው ቦታ!» አለ ሀብቴ። ሙራድ እንጨቱ ላይ በተደረገው ምልክት ልክ መልሶ አነሳው፤ ሀብቴ መስታወቱን ከኋላው ቀዳዳ አስጠጋ። ወደ ግራ ትንሽ፣ ወደ ቀኝ ትንሽ አዘነበለው።

«ቤቱ ነው» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ቀዳዳው አይዋሽም። የፈረሰው ቤት፣ ከበሩ በላይ። በቦዩ እንዳትገቢ! በሜዳው፣ በውጭ በኩል። ያላ!»

ሰውነቴ እምቢ አለ። ቦዩ ጥላ አለው፣ ጥልቅ ነው፣ ይጠራኛል። ሜዳው ግን እንደ ገበታ የተዘረጋ ነጭ አሸዋ፣ ቁጥቋጦ እንኳ የለበትም። ለአንድ የወረቀት ቀዳዳ ነፍሴን እንድሰጥ ነው የምባለው። ቢስሚላህ ብዬ በሆዴ ወጣሁ። አሸዋው ክርኔን እንደ ምጣድ ይጠብሰኛል። ከኋላዬ ሼሁ ዞረው ሲመለሱ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ከወትሮው ይልቅ ከፍ አድርገው «በአላህ! ተቀመጡ! ኧረ ተቀመጡ!» ይላሉ። ለወረቀት ሰላምታ ይሰጣሉ። ሌላ ተኩስ ጮኸ። ፊቴን አሸዋ ውስጥ ቀበርኩ። ድምፃቸው ተቋረጠ፤ አበቃላቸው አልኩ። ከዚያ እንደገና «በአላህ!» አሉ።

አወል ሲያየኝ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «ሂጂ! እብድ ነሽ እንዴ!» አለኝ። አፉን በእጄ ከደንኩና ሸራው ላይ ገለበጥኩት። ከንፈሩን ነክሶ አልጮኸም። ከገንዳው እስከ ግድቡ ጫፍ ያለችውን የመጨረሻዋን ራቁት መሬት ስጎትተው ምን እንዳሰብኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ሼሁን ነው። እኛን እያዩ፣ ቀጥ ብለው፣ ወዲያና ወዲህ ይሉ ነበር። ራሶቹ ለሳቸው ይነሳሉ፤ እሳቸውም ለእያንዳንዱ አጸፋ ይመልሳሉ። ሙራድ ዘሎ የሸራውን ጫፍ ያዘልኝ። ገባን።

አወል ተረፈ። ተረፈ ስል እንዲያው ነው። ያን ዕለት ማታ የከፊሉ መኪና ወደ አቡ ዓሪሽ ወሰደው፤ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ አልነበረውም። ቁስሉ እንደደረቀ በተርሒል፣ ከሌሎች ከሚመለሱት ጋር፣ ወደ ሀገሩ ተላከ። ገንዘብ ይዤ እመለሳለሁ ብሎ ወጥቶ በምርኩዝ ገባ። እናታችን ስትስመው ምን እንዳለች አልጠየቅኩም። መጠየቅም አልፈልግም።

ስለዚያ ቀን ግን አንድ ነገር ቀርቶኛል። አወልን ሸራው ላይ አስተኝተን ውሃ ስንሰጠው ሼህ ኑርሁሴን ተመለሱ። ጥምጣማቸው ላይ ከራሶቹ የተበተነ የጋዜጣ ቁራጭ ተለጥፏል። ጉድጓዱ መግቢያ ላይ ቆሙ። የሙራድ ጉልበት ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ሀብቴም አየው፤ ትከሻውን ይዞ ተጫነው። ማንም አልተነሳም። ሁላችንም መሬት መሬት እያየን ቀረን። ሼሁ ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ «ደግ አደረጋችሁ» አሉና በመካከላችን አልፈው ጥግ ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ ምሳ ሊበሉ መምጣት ተዉ። መጀመሪያ ሰሞን ከሩቅ ሆነው «አትነሱ! እኔ ነኝ፣ አትነሱ!» እያሉ ነበር የሚመጡት። በኋላ ያም ቀረ። ከፍየሎቹ ጋር ይውላሉ፣ ከፍየሎቹ ጋር ይበላሉ። ሀብቴ ሄዶ ሊያናግራቸው ሞከረ። ሙራድ ከነአካቴው አኮረፋቸው፤ ሙክታርን አልረሳም። እኔም እስከ መቼ ነው የምቆጣው እያልኩ ስቆጣ ከረምኩ።

አንድ ቀን ሩዝና ትንሽ ሥጋ ቋጥሬ ራሴ ሄድኩ። የፍየሎቹ በረት ያለው ግድቡ በሌላው በኩል በሚያልቅበት ነው፤ ዙሪያው ከጉልበት የማያልፍ የድንጋይ ካብ ነው። ሼሁ ካቡ ሥር እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ጎንበስ ብዬ ስቀርብ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ እጃቸውን ካቡ ላይ አሳርፈው መነሳት ጀመሩ።

«ኧረ ምን ሆነዋል? ይቀመጡ!»

«ኑሪ ሳዲያ» አሉ፤ «ኑሪ ልጄ።»

ተነስተው ቆሙ። እኔ የእርሻ ሠራተኞቹ ምግብ አብሳይ፣ የልጅ ልጃቸው የምሆን፣ ለእኔ! ተራራው ፊት ለፊታቸው ነው፤ ፈራሹ ቤት ከዚህ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ። ካቡ ሥር ተደፍቼ ጆሮዬን ያዝኩ። ጥይቱን ጠበቅኩ፤ እሳቸውም ሲጠብቁ ነበር። ፍየሎቹ መኖ ያላምጣሉ። ምንም አልመጣም።

«አየሽ?» አሉ ሼህ ኑርሁሴን። «ጥይት እንኳ አይባክንብኝም።»

ሽርጣቸውን ጨብጬ ወደ ታች ጎተትኩ። አልተቀመጡም። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ በአወል ስም ተማጸንኩ። እንደ ግንድ ቆመው ቀሩ። በመጨረሻ ንዴቱም ሐዘኑም አንድ ላይ መጣብኝና «እንግዲያው እኔም!» ብዬ ቋጠሮውን ትቼ ብድግ አልኩ። ከካቡ በላይ፣ በሙሉ ቁመቴ፣ አጠገባቸው።

ያን ጊዜ ነው የደነገጡት። ፊታቸው ጥቁር አለ። ሁለቱን ትከሻዬን ይዘው ከነራሳቸው መሬት ላይ ወደቁ፤ ደርቀዋል ያልኩት ወገብ እንዴት እንደታጠፈ አላውቅም። አሸዋው ላይ ደፍተው ያዙኝና፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ «ተቀመጥኩ፤ ይኸው ተቀመጥኩ» ይላሉ። «ለእኔ አትነሺ፤ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ለእኔ ከእንግዲህ ማንም አይነሳ።»